ኮሚክ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ የየት አገር እንደሆነ እዩ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ መጽሐፍ ቤት ገባሁና «ኮሚክ አላችሁ?» አልኩ። ልጁ ሳያመነታ የቀልድ መጽሐፍ አውጥቶ ሰጠኝ። አልፈርድበትም። እኛ ዘንድ ኮሚክ ማለት የሚያስቅ ሰው ነው። «በሥዕል የሚነበብ ታሪክ» ብዬ ሳስረዳው ደግሞ የሕፃናት ተረት አመጣልኝ። እሱኑ ገዝቼ ወጣሁ። ሰው አስቸግሮ ባዶ እጅ መውጣት አልችልበትም።

ነገሩ የመጣው በእህቴ ልጅ ነው። 12 ዓመቱ ነው። የሒሳብ ደብተሩን ከኋላ ጀምሮ በሥዕል ሞልቶታል። ጅዳ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ይህን ሰምታ ሰው ስታገኝ አንድ ካርቶን ላከችለት። ውስጡ የተለያየ አገር ኮሚክ ነበር። ምንጣፍ ላይ ዘረጋናቸው። አንዱ እንደ ደብተር ስስ ነው። አንዱ እንደ አትላስ ሰፊና ጠንካራ። ሌላው ጃኬት ኪስ ውስጥ ይገባል። ልጁ ትንሽ አያቸውና «ጋሼ፣ ለምን እኩል አላደረጓቸውም?» አለኝ።

ያኔ መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ብዙ አገላብጫለሁ። የኮሚክ ቁመትና ውፍረት በሰዓሊው ፍላጎት ብቻ አይወሰንም። የት ይሸጣል? በየስንት ጊዜው ይወጣል? ወረቀቱ ስንት ቦታ ይታጠፋል? ሰው ምን ላይ ተቀምጦ ያነበዋል? መልኩ የሚመጣው ከዚህ ነው። እናንተም ስትመርጡ እነዚህኑ ጥያቄዎች ወደ ራሳችሁ አዙሯቸው። ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የአሜሪካው፦ አቦል ጠጥቶ መነሳት

ስሱ እሱ ነው። ወደ 17 በ26 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 32 ገጽ ነው፣ ባለ ቀለም፣ መሃሉን በሁለት ሽቦ የተሰፋ። ከ32ቱ ገጽ ታሪኩ የሚይዘው 20 ወይም 22 ያህሉን ነው። የቀረው ማስታወቂያና ወሬ ነው። ድሮ እንዲህ አልሳሳም ነበር። ሱፐርማን ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣበት የ1938ቱ መጽሔት 64 ገጽ ነበር፣ ዋጋው 10 ሳንቲም። ዋጋው ለረጅም ዓመታት 10 ሳንቲም ላይ ቆየ፤ ገጹ ግን እየቀነሰ ሄደ። ዳቦ ቤቶች ዋጋ ሳይነኩ ዳቦውን ሲያሳንሱት አይታችሁ የለ? ያው ነው።

ችግሩ ታሪኩ አለማለቁ ነው። ጀግናው ከፎቅ ሲወድቅ «ይቀጥላል» ይልና ወር ያስጠብቃል። እዚያ አገር ኮሚክ ብቻ የሚሸጡ ሱቆች አሉ፤ ደንበኛው ቀጣዩን ቁጥር አስቀድሞ አስመዝግቦ ይወስዳል። ደሴ ላይ ሆናችሁ ቁጥር 3 እጃችሁ ከገባ ቁጥር 4ን ከየት ታመጣላችሁ? አቦሉን ቀድተውላችሁ ቶናው ሳይደርስ ጀበናው ሲነሳ ማለት ነው። የእህቴ ልጅ እስከ አሁን የዚያ ሰውዬ መጨረሻ ምን እንደሆነ ይጠይቀኛል።

ስለዚህ የአሜሪካ ከሆነ የተጠረዘውን ፈልጉ። አምስት ስድስት ወርሃዊ ቁጥሮች አንድ ላይ ተሰብስበው እንደ መጽሐፍ ይወጣሉ። ማስታወቂያው ተነቅሎ ታሪኩ ብቻ ይቀራል። ሽፋኑ ላይ ቅጽ 1 የሚል ካለበት ከእሱ ጀምሩ። ከመጀመሪያውም እንደ ወፍራም መጽሐፍ ታስበው የተሠሩም አሉ፣ እነሱ ለአዋቂ ናቸው። አይሁዶችን አይጥ፣ ናዚዎችን ድመት አድርጎ እልቂቱን የተረከ አንድ ሥራ በ1992 ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት ተሰጥቶታል። «ኮሚክ የልጅ ነገር ነው» ለሚላችሁ ሰው ይህን ንገሩት።

የፈረንሳይና የቤልጂየሙ፦ መደርደሪያ የሚወድ

አትላስ የመሰለው ይሄ ነው። አልበም ይሉታል። ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሽፋኑ ካርቶን፣ ውስጡ ሙሉ ቀለም፣ ወረቀቱ ወፍራም። ገጹ አብዛኛውን ጊዜ 48 ነው። ለምን 48? አንድ ትልቅ የማተሚያ ወረቀት ሲታጠፍ 16 ገጽ ይሰጣል። ሦስት ወረቀት ሲሆን 48። ሰዓሊው ታሪኩን ለወረቀቱ ልክ ይሰፋዋል ማለት ነው። ቲንቲን የሚባለው ዝነኛ ተከታታይ ከዚህ ልማድ ይወጣል፤ ታሪኩ 62 ገጽ ነው።

48 ገጽ ትንሽ ትመስላለች። አይደለችም። ገጹ ሰፊ ስለሆነ አራት ረድፍ የሥዕል ሳጥን ይይዛል፤ ከኋላ ያለው ገበያ፣ ጣሪያ፣ ፈረስ ሁሉ ተስሏል። አንዱን አልበም ለመሥራት አንድ ዓመት ቢፈጅ አይገርምም። አንባቢም ተመልሶ ያየዋል። ብዙ ጊዜ አንዱ አልበም ራሱን ችሎ ስለሚያልቅ ቁጥር 7 ብቻ ብታገኙም አትናደዱም።

ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የምትገዙ ከሆነ እኔ ያለ ክርክር ይሄን እላለሁ። በሽቦ የተሰፋው ስስ ኮሚክ በሦስተኛው ልጅ እጅ ይበተናል። ካርቶኑ ሃያ ልጅ ይችላል። ደሴ ደግሞ ክረምት ጉሙ ሳሎን ድረስ የሚገባባት ከተማ ናት፤ ርካሽ ወረቀት እርጥበት ይጠጣና ይጠመዘዛል። አልበሙ ይሄንንም ይቋቋማል። ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ላይ ግን አትክፈቱት። እኔ ከፍቼ የጎኔን ሰውዬ ጆሮ በሽፋኑ መትቻለሁ።

ማንጋ፦ ከቀኝ የሚከፈተው

ማንጋ የጃፓኑ ኮሚክ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የልጆቹ ሁሉ ጉጉት እሱ ላይ ነው። አኒሜውን፣ ማለትም የጃፓኑን የካርቱን ፊልም፣ በስልክ አይተውታል፤ መጽሐፉን ሲያዩ ዓይናቸው ይበራል።

ጃፓን ውስጥ ታሪኩ መጀመሪያ የሚወጣው እንደ ስልክ ማውጫ በወፈረ መጽሔት ነው። በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ይወጣል። ወረቀቱ ርካሽ፣ ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ። አንዱ መጽሔት ብዙ የተለያዩ ታሪኮችን በአንዴ ይዟል። ሾነን ጃምፕ የሚባለው በ1968 ተጀምሮ በ1990ዎቹ አጋማሽ በሳምንት ከ6 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ደርሶ ነበር። ሰው ባቡር ላይ ያነበውና ይጥለዋል። ከዚያ የተወደደው ታሪክ ብቻውን ተሰብስቦ ታንኮቦን በሚባል ትንሽ መጽሐፍ ይወጣል። ወደ 11 በ17 ተኩል ሴንቲ ሜትር፣ 200 ገጽ ገደማ። ጃኬት ኪስ ውስጥ የገባው እሱ ነው።

200 ገጽ ሲባል አትደንግጡ። ማንጋ ቃል ይቆጥባል። አንድ ቡጢ ለመሰንዘር ሦስት ገጽ ሊወስድ ይችላል። ቅዳሜ ጠዋት ለልጁ ሰጠሁት፣ ምሳ ሳይቀርብ ጨረሰው። ኪስን የሚጎዳው እዚህ ነው። ቶሎ ያልቃል፣ ቀጣዩ ቅጽ ደግሞ አለ። በ1997 የተጀመረው ዋን ፒስ ከ100 ቅጽ አልፏል። ስለዚህ ለልጃችሁ ማንጋ ከመግዛታችሁ በፊት ታሪኩ በስንት ቅጽ እንደሚያልቅ ጠይቁ። በአምስት ወይም በአሥር ቅጽ የሚያልቁም አሉ። እንደ ዕቁብ አስቡት፤ መጨረሻውን ሳታውቁ አትግቡ።

አሁን ወደ አከፋፈቱ። እኔ እንደለመድኩት ከግራ ገልጬ ገባሁ፤ ለካ መጨረሻው ገጽ ላይ ነኝ። ሁሉም ሞቷል፣ አንዱ ያለቅሳል። ሳጥኖቹንም ከግራ ወደ ቀኝ ሳነብ መልሱ ከጥያቄው እየቀደመ ግራ አጋባኝ። የጎረቤታችን ልጅ መጣና መጽሐፉን ከእጄ ወስዶ በቀኝ በኩል ከፈተው። ማንም አልነገረውም። ጠዋት ጠዋት ቁርአን ቤት የሚቀራ ልጅ ነው። «እንደ ዐረብኛ ነው እኮ» አለን። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእህቴን ልጅ ያስተማረው እሱ ነው፤ ጣቱን ከቀኝ ላይኛው ሳጥን ያስነሳና ወደ ግራ ይወስደዋል። ሌላ ቦታ ለማንጋ አዲስ የሆነ ሰው ሳምንት ይደናገራል ይባላል። ወሎ ውስጥ ግን ባንድ ግቢ ከግራም ከቀኝም የሚያነብ ልጅ አይጠፋም።

ቀድሞ በእንግሊዝኛ ሲታተም ሥዕሉን እንደ መስታወት ይገለብጡት ነበር፣ ከግራ እንዲነበብ። ታዲያ ቀኝ እጁ የነበረው ሳሙራይ በሙሉ ግራኝ ሆኖ ቁጭ አለ፤ ሰይፉም ቦታ ለወጠ። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ እንደ ጃፓኑ መተው ልማድ ሆኗል። አሮጌ እትም አግኝታችሁ ከግራ ከተነበበላችሁ አትገረሙ፤ የተገለበጠው ነው።

ጣሊያን፣ ቻይና፣ ሕንድ

ጣሊያኖች ደሴ ላይ ፒያሳን ትተውልናል፣ ማኪያቶንም። ኮሚካቸውን ግን ይዘው ሄዱ። እነሱ ፉሜቲ ይሉታል፤ ትንንሽ ጢስ ማለት ነው። ንግግሩ የሚጻፍበትን አረፋ ከአፍ እንደሚወጣ ጢስ አይተውት ነው። የታወቀው መልኩ 16 በ21 ሴንቲ ሜትር ነው፣ 100 ገጽ ገደማ፣ ጥቁርና ነጭ። በየወሩ በጋዜጣ መሸጫ ይሸጣል። ቴክስ የሚባለው የካውቦይ ታሪክ ከ1948 ጀምሮ አለ። ጣሊያንኛ ካልቻላችሁ አትገዙትም፤ 16 በ21 የምትለዋን ልክ ግን ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እፈልጋታለሁ።

የቻይናው መዳፍ የምታክል ናት። ሊያንኋንኋ ይሏታል። በየገጹ አንድ ሥዕል፣ ከሥሩ ጽሑፍ። አረፋ ብርቅ ነው። ሻንጋይ መንገድ ዳር በኪራይ ይነበብ ነበር። እኛም ልብ ወለድ ለአንድ ሌሊት ተከራይተን ሻማ የጨረስን ትውልድ ነን፤ ይሄ አይገርመንም። ሥዕልና ጽሑፍ ጎን ለጎን ማንበብም ለእኛ አዲስ አይደለም። ላሊበላ ቱሪስት የሚገዛውን የንግሥተ ሳባና የሰሎሞንን ሥዕል አስቡት። ብዙ ጊዜ 44 ሳጥን ነው፣ ከግራ ወደ ቀኝ እየተነበበ ይወርዳል፣ ጽሑፍም አለው። እናቴ «ኮሚክ ምንድን ነው?» ስትለኝ ያን አሳየኋት፤ ሌላ ማብራሪያ አልፈለገችም።

ሕንዶች ደግሞ በ1967 አማር ቺትራ ካታን ጀመሩ። 32 ገጽ፣ ባለ ቀለም፣ የአሜሪካውን ይመስላል። ልዩነቱ ተረቱ ወይም ታሪኩ እዚያው 32 ገጽ ውስጥ ማለቁ ነው። እኔ እንዲህ ያለውን እወዳለሁ። አንድ ልጅ ገዝቶ አንብቦ ለጓደኛው ያውሳል፣ በቃ። ከእኛ አገር ልዕለ ጀግና ይዞ በ2018 የወጣው ጀምበር በአማርኛም በእንግሊዝኛም አለ፤ ለልጅ በቋንቋው የሚነበብ ከፈለጋችሁ ከእሱ ጀምሩ።

ስልክ ላይ የሚወርደው

ኮሪያዎች ገጹን ራሱን አስቀሩት። ዌብቱን ላይ ሳጥኖቹ ከላይ ወደ ታች እንደ ክር ይወርዳሉ፤ አንባቢው በአውራ ጣቱ ይስባል። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በኢንተርኔት የተስፋፋ ነው። በሁለት ሳጥን መካከል ያለው ባዶ ቦታ ጊዜ ይሆናል። ረጅም ባዶ ከሆነ ረጅም ዝምታ ነው። መጽሐፍ ላይ ይሄ አይገኝም።

ነፃ የሆነ ብዙ አለ። ሥዕል ስለሆነ ግን ዳታ ይበላል። ወር መጨረሻ ላይ ፓኬጅ ያለቀበት ሰው ምን እንደሚሰማው ታውቃላችሁ። መብራት ሲጠፋና ስልኩ 4 በመቶ ሲል ደግሞ ታንኮቦኑ ሳቅ ብሎ ያያችኋል። ዋይፋይ በሚገኝበት ቦታ ክፍሎቹን አውርዶ መያዝ የሚፈቅድ መተግበሪያ ከሆነ ያወጣል። አለዚያ ለልጅ አልመክረውም፤ ስልኩን ይዞ ከዌብቱን ወደ ቲክቶክ ለመሻገር ሁለት ሰከንድ ነው።

ታዲያ የቱን?

ስጦታ ከሆነ አልበም። ብዙ ልጅ የሚፈራረቅበት ቦታ ከሆነም አልበም። መንገድ የሚበዛበት ሰው፣ ከወልዲያ ደሴ የሚመላለስ ተማሪ ለምሳሌ፣ ማንጋ ይያዝ፤ ቦርሳም አይከብደው። እንግሊዝኛ ሊለማመድ ለሚፈልግ ታዳጊ የተጠረዘውን የአሜሪካ እመርጣለሁ፤ ከማንጋው ይልቅ ንግግር ይበዛበታል። የወር ስሱን በነጠላ መግዛት ለሰብሳቢ ካልሆነ ለማንም አይረባም። ለትንሽ ልጅ ማንጋ ስትመርጡ ሽፋኑ ላይ ያለውን የዕድሜ ምልክት እዩ። ቆንጆ ዓይን ያላት ልጅ ሽፋኑ ላይ ስላለች የልጅ ነው ማለት አይደለም። ይህን ያወቅሁት አንዱን ከፍቼ በቶሎ ቁም ሣጥን አናት ላይ ከሰቀልኩት በኋላ ነው።

ራሳችሁ ልትሠሩ ከሆነ

ልጁ ካነበበ በኋላ ዝም አላለም። ከትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ክበብ ልጆች ጋር የራሳቸውን ሊያወጡ ተነሱ። አያ ጅቦ ሰኞ ገበያ ወርዶ ምን እንደገጠመው የሚተርክ ነው። ሁሉም ማንጋ ይሁን አሉ። አልበም ይሁን ያለ አንድ ልጅ ነበር፤ ባለ ቀለም ሕትመት ስንት እንደሆነ ጠይቆ ሲመጣ እሱም ማንጋ አለ።

እውነቱን ለመናገር ማንጋው ለፊደላችን አይመችም። ጃፓንኛ ከላይ ወደ ታች ስለሚጻፍ አረፋው ቀጭንና ረጅም ነው። አማርኛ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩን በአንድ ቃል የሚጨርስ ቋንቋ ነው። «ስላልነገራቸው» የሚለውን በቀጭን አረፋ ውስጥ አስገቡት እስቲ። ልጆቹ ፊደሉን አሳነሱት። ኤ4 ላይ ሥለው ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደው ወደ ግማሹ ወደ ኤ5 አስቀነሱት። ሲቀነስ 71 በመቶ ይሆናል፤ 4 ሚሊ ሜትር የነበረው ፊደል ከ3 በታች ወረደ። የእኛ ፊደል ደግሞ ነፍሱ ያለችው በትንሿ ቅጥያ ላይ ነው። «ቡና» የነበረው «ቢና» ሆኖ ወጣ። አያ ጅቦ «ቢና አለ?» እያለ ሰኞ ገበያን ዞረ። ለነገሩ ሰው የሳቀው በዚያ ነው።

ጠቆር ያለው ሌሊትም ተበላሸ። ማንጋ ጥላውን በጥቃቅን ነጥብ ይሠራዋል፤ የእኛ ፎቶ ኮፒ ነጥቡን አንድ ላይ አቅልጦ ጭቃ አደረገው። ሙሉ በሙሉ የጠቆረው ሰማይ ደግሞ መሃሉ ላይ ነጭ ዥረት ወረደበት። እስከ ወረቀቱ ጠርዝ የተሳለውንም ማሽኑ ቆረጠው፤ ጠርዙ አካባቢ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል አያትምም።

እንግዲህ ያቺ የጣሊያኗ ልክ እዚህ ትመጣለች። ኤ4 መሃሉ ላይ ሲታጠፍ ኤ5 ይሆናል፤ 14.8 በ21 ሴንቲ ሜትር። ጣሊያኗ 16 በ21 ናት። ቁመታቸው አንድ፣ ስፋታቸው አንድ ጣት አይለያይም። እሷም ጥቁርና ነጭ ናት፣ በየገጹ ሦስት ረድፍ ሳጥን ይበቃታል። አረፋዋ ሰፊ ስለሆነ አማርኛ ይተኛበታል። ጥላ ሲያስፈልግ በእስክሪብቶ መስመር ደርድሩ፤ ፎቶ ኮፒ መስመርን ያከብራል። መጀመሪያ የምትነድፉበት እርሳስ ፈዛዛ ሰማያዊ ይሁን፤ ባይጠፋም አብዛኛውን ጊዜ ኮፒው አያሳየውም። ፊደሉን ኤ4 ላይ ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር አድርጋችሁ ጻፉ።

ቃል መሃል ላይ መቁረጥ ግድ ከሆነባችሁ ደግሞ የብራና ጸሐፊዎችን ዘዴ ተዋሱ። እነሱ መስመሩ ሲያልቅ ቃሉን የትም ቦታ ቆርጠው ወደ ታች ይወርዳሉ፤ የቃሉን ማለቂያ ሁለት ነጥቡ ስለሚናገር አንባቢ አይሳሳትም። አረፋ ውስጥ ሁለት ነጥብ መጠቀም የድሮ ሰው ያስመስላል የሚል ካለ ይበል። እኛ ሞከርነው፣ አያ ጅቦን አስከበረው። የስላቅ ምልክታችንንም አስነሣነው፤ ያቺን የተዘቀዘቀች ቃለ አጋኖ። እንደ ኮሚክ አረፋ የሚመቻት ቦታ ያለ አይመስለኝም።

ገጹ በአራት የሚካፈል ይሁን። እኛ 24 አልን፤ ስድስት ኤ4 ወረቀት ማለት ነው። መጀመሪያ ጊዜ ገጹን በተርታ ኮፒ አስደርገን ስናጥፈው አያ ጅቦ ገበያ ሳይሄድ ተመለሰ። ዘዴው ይሄ ነው፦ ጎን ለጎን የሚቀመጡት ሁለት ገጾች ድምራቸው ሁሌ 25 ይሁን። 24 ከ1 ጋር፣ በጀርባው 2 ከ23 ጋር፣ ከዚያ 22 ከ3 ጋር፣ እንዲህ እያለ እስከ 12 ከ13 ጋር። ፎቶ ኮፒ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ከባዶ ወረቀት ትንሽዬ አጥፋችሁ ቁጥር ጻፉባት፤ ማሽኑ ላይ የቆመውን ሰው ትዕግሥት ታድናላችሁ።

ተራ ስቴፕለር የወረቀቱ መሃል ድረስ አይደርስም። እግሩን ዘርግታችሁ ክፈቱት፣ ከወረቀቱ ሥር የካርቶን ቁራጭ አድርጉ፣ እጥፋቱ መስመር ላይ ጫን በሉት። ሽቦው ካርቶኑ ውስጥ ይተከላል። ቀስ ብላችሁ ንቀሉና ጫፎቹን በማንኪያ ጀርባ ወደ ውስጥ እጠፉ። ሁለት ሽቦ ይበቃል፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች።